144 ጊዜ! ምን በድለናችሁ ነው?

ሰው በዘፈን ሲያማርር አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ ድምፅ የለውም፣ ግጥሙ ውሃ አያነሳም፣ ዜማው የተሰረቀ ነው ይላል። የእኛ እሮሮ ሌላ ነው። ይህን ዘፈን አንጠላውም። እሱ ነው የማይለቀን።

ስሙ «አራውንድ ዘ ወርልድ» ነው። ዳፍት ፓንክ የሚባሉት የፓሪስ ልጆች፣ ቶማ ባንጋልቴርና ጊ-ማኑኤል ደ ኦሜም-ክሪስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት የዳንስ ነጠላ ዜማ። ግጥሙ ርዕሱ ነው፣ ርዕሱም ግጥሙ። ሲጀምር ሦስት ቃል፣ ሲጋመስ ሦስት ቃል፣ ሲያልቅ ያው ሦስት ቃል። ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች አሉ (እግዜር ይስጣቸው፣ ሌላ ሥራ)። በአልበሙ ቅጂ 144 ጊዜ፣ ለሬዲዮ ተብሎ ባጠረው ደግሞ 80 ጊዜ ይባላል። 80 ጊዜ ማለት እንግዲህ ለእኛ ታዝኖ ነው።

እኛ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር «ግጥሙ ምን ይላል?» ብለን የምንጀምር ሰዎች ነን። ሰሙን ገፈን ወርቁን ካላገኘን እንቅልፍ አይወስደንም። እዚህ ሰምም የለ፣ ወርቅም የለ። ስንኝ የለ፤ ሁሉም አዝማች ነው። ዓለምን ዙሪያውን ይላል፤ ማን እንደሚዞር አይነግረንም፣ ለምን እንደሚዞር አይነግረንም። ፍቅረኛ ፍለጋ ነው? ሥራ ፍለጋ ነው? ቪዛ ተመቶለት ነው? ከ7 ደቂቃ በላይ በትዕግሥት አዳምጠን መልስ አላገኘንም። ድምፁስ የሰው መስሎ ቢመጣ! በቶክ ቦክስ የተሠራ ነው፤ የመሣሪያው ድምፅ በቱቦ አፍ ውስጥ ይገባና አፍ ቃል ያደርገዋል።

ጂም ገብተን ብረት እናነሳለን፣ እሱ አለ። ሱሪ ልንለካ ሱቅ እንገባለን፣ መጋረጃው ውስጥ እሱ አለ። ስልክ ደውለን በመስመሩ ላይ ይጠብቁ እንባላለን፣ አብሮን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ ትከሻችን ሞቆ፣ አንገታችን ላልቶ፣ ጉራጌው ሊቀጥል ነው ስንል ዲጄው ዘመናዊ ልሁን ብሎ እሱን ይለቅብናል። አክስቶቻችን ባሉበት ይቆማሉ። ይህን በየት በኩል ነው እስክስታ የሚመቱት?

ከሁሉም የከፋው የሌሊቱ ነው። ጎረቤት ሲከፍተው ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው ቤዙ ብቻ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያስቆመውም። ቃሉ ወዲያ ማዶ ይቀራል። ቀረ ብለን ግን አናርፍም፤ ጭንቅላታችን ራሱ ይሞላዋል። ሦስት ቃል መሙላት ምን ይከብደዋል? ጎረቤት አጥፍቶ ተኝቶ እኛ እስኪነጋ እንዞራለን። እግራችን ደግሞ ከማን ወገን እንደሆነ አይታወቅም፤ እኛ እየተራገምን እሱ ከብርድ ልብሱ ሥር ምት ይጠብቃል።

በዓይናችን እንኳ ሰላም አልሰጡንም። ሚሼል ጎንድሪ ለዚህ ዘፈን በሠራው ቪዲዮ ላይ ሮቦቶች፣ ስፖርተኞች፣ ሴት ዋናተኞች፣ አፅሞችና ሙሚዎች ክብ መድረክ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ቡድን የአንድ መሣሪያ ድምፅ ነው፤ ሙሚዎቹ ከበሮውን፣ ስፖርተኞቹ ቤዙን ይከተላሉ። ቤዙ ሲወጣ ስፖርተኞቹ ደረጃ ይወጣሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። ድንቅ ሥራ ነው፣ አንክድም። አንዴ ያየ ሰው ግን ሁለተኛ ዘፈኑን ብቻውን አይሰማም፤ ሙሚዎቹም አብረው ይመጡበታል።

እሺ፣ አቤት እንበል። ለማን? ዘፈኑን ያወጡት ሰዎች ፊት የላቸውም። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1999፣ በፈረንጆቹ ሰዓት 9 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ መሣሪያ ፈንድቶብን ስንነቃ ሮቦት ሆነን ተገኘን ብለው የራስ ቁር አጠለቁ። እኛ ለአንዲት ቀን ማርፈድ እንዲህ ያለ ምክንያት ይዘን አለቃችን ዘንድ ብንቀርብ! እ.ኤ.አ. በ2014 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብለው ግራሚ ሲሸለሙ እንኳ ቁራቸውን እንዳጠለቁ መድረክ ላይ ቆሙ፤ ትንፍሽ አላሉም። 144 ጊዜ የተናገሩት የት ሄዶ ነው አሁን አንድ ቃል ያጡት? እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ላይ ደግሞ አንዱ ሮቦት በረሃ ውስጥ የሚፈነዳበት ቪዲዮ ለቀቁና ቡድኑ አበቃ። እነሱ ጡረታ ወጡ፣ ዘፈኑ ግን ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ አቤቱታችን ወደ እናንተ ነው፤ የጂሙን ስፒከር ለያዛችሁ፣ የሱቁን ሙዚቃ ለምትመርጡ፣ ለዲጄዎች፣ በተለይም ለላይኛው ፎቅ ጎረቤት። አትክፈቱት አንልም። መክፈታችሁ ካልቀረ የሬዲዮውን ክፈቱልን። 64 ጊዜ ቀነሳችሁልን ማለት ነው፤ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።