0 ዓመት

በኢትዮጵያ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ላይ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚለው ሐረግ የምሥራች ነው፤ ትናንት የተመረቀውም ሳይሸማቀቅ ማመልከት ይችላል ማለት ነውና። ይኸው ዜሮ ባሕር ሲሻገር ግን ጠባዩ ይከፋል፤ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቆ በድሬዳዋው የመጋላ ሰፈር ነጋዴዎች መዝገብ ላይ ዐሥር ዓመት ያጎነበሰ የሒሳብ ባለሙያ፣ ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን በገባ ጊዜ፣ ዐሥሩ ዓመት ከሻንጣው ጋር አብሮት እንዳልመጣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው በታላቅ ትሕትና ያስረዳዋል። የሚፈለገው የአገሬው ልምድ ነው፤ ያን ልምድ ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ መቀጠር ያስፈልጋል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ነገሩ ከንክኖት፣ ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የካናዳ ልምድ» የሚል መስፈርት በሥራ ማስታወቂያ ላይ እንዳይወጣ በሕግ ከልክሏል፤ የተከለከለው መጻፉ እንጂ ማሰቡ አይደለም።

የድሬዳዋ የራሷ ታሪክ በዚህ ረገድ ቸር ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመናዊውም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከተማይቱ ሲገባ የአገር ውስጥ ልምድ አምጣ አልተባለም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በኋላ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ የከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ፣ ይኸውም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ የበላይነት የተቋቋመው የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ ማክጊሊቭሬይ የተባለውን ሰው ገዢው አድርጎ ሲሾም፣ ሰውየው በኢትዮጵያ ባንኮች ስንት ዓመት እንዳገለገለ ሊጠየቅ አይችልም ነበር፤ የሚያገለግልበት ባንክ ገና አልነበረማ።

የዛሬው ተጓዥ መከራ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገባ ባለሙያ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ በማኅተም አስደግፎ «እስከ 2014 ዓ.ም. በታማኝነት አገልግሏል» ብሎ የጻፈለትን ደብዳቤ ቃል በቃል አስተርጉሞ ሲያቀርብ፣ ቀጣሪው ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ያያል። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር አሳምሮ እንደሚያውቅ ሲናገርም፣ አምራቹ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከለወጠው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታልና፣ ወጣቱ ጠያቂ ስለ አትላንታው የፒችትሪ ጎዳና የሚያወራ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የዋስ ጉዳይ ነው። በአገር ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ ያመጣል፤ ዋሱም ሥጋና ደም ያለው፣ ምናልባትም በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው አጎት ነው። በአሜሪካ ግን የአጎትን ቦታ የያዘው «ክሬዲት ስኮር» ነው፤ ይህም ሰው ተበድሮ በወቅቱ ስለመመለሱ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 850 ባለው መለኪያ የሚሰጠው ነጥብ ሲሆን፣ አከራዩ ነጥቡን ሳያይ ቁልፍ አይሰጥም፤ ለገንዘብ ነክ ሥራ የሚቀጥሩ አንዳንድ ድርጅቶችም፣ ነጥቡን ባይሆን፣ የብድር ታሪኩን በአመልካቹ ፈቃድ ይመረምራሉ። በመጋላ የማንም ዱቤ የሌለበት ሰው የተመሰገነ ነው፤ እዚያ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው ገና እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ የሰውን ብድር ሲመዘግብ የኖረውም ባለሙያ የራሱ ብድር ባለመኖሩ ይጠረጠራል።

እስከዚያው መኖር ግድ ነውና፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩበት የዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ በሩን ይከፍትለታል። በመስኮት በኩል ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ ማታ ካዝናውን ያመሳክራል። ስለዚህ እናቱ ስልክ ደውለው ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ፋይናንስ» ብሎ ቢመልስ ዋሸ ሊባል አይገባውም፤ ወሬው በመጋላ በርጫ ላይ ሲደርስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ግን የእርሱ ጥፋት አይደለም።

መውጫ ቀዳዳ የለም ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት ግብር ከፋዮችን ወክለው እንዲቀርቡ ፈቃድ የሚሰጣቸው «ኢንሮልድ ኤጀንት» የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ዋናው መንገድ ሦስት ክፍል ያለው ፈተና ሲሆን፣ ፈቃዱን ለማግኘት ዲግሪም ሆነ የሥራ ልምድ በቅድሚያ አይጠየቅም። ፈተናውን ያለፈ የመጋላ ሰው ትንሽ ቢሮ ተከራይቶ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚመጡለት ደረሰኛቸውን በፌስታል አጭቀው የያዙ የታክሲ ባለቤቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ገቢያቸው ለግብር ሲሆን አንሶ፣ ለቤት ብድር ሲሆን በዝቶ እንዲጻፍላቸው ነው። ባለሙያው በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲካሄድ፣ ለገማቾቹ «ሱቄ ሊዘጋ ነው» ብሎ የማለ፣ በሳምንቱም ለብድር መኮንኑ «ገበያው ደርቷል» ብሎ የመሰከረ የመጋላ ደንበኛ ስለነበረው፣ ፌስታሉን ተቀብሎ፣ አንዱን ቁጥር ብቻ እንደሚጽፍ በዚያው በለመደው አነጋገር ያስረዳቸዋል፤ የትኛውን እንደሚመርጡም ሻይ እስኪፈላ ጊዜ ይሰጣቸዋል።