ገሏ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ያላችሁኝ እግዜር ይስጣችሁ፤ የዛሬው ግን የላም ሳይሆን የገል ነው።

አንኮበርን በመሰለች፣ ጉም በማይለያት ደጋ ከተማ አንዲት እንስራ ነበረች። አንድ ቀን ከምንጭ ስትመለስ ከተሸካሚዋ ጀርባ ሾልካ እንክትክት አለች። እመቤቲቱ ከስባሪው መካከል እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለችውን ገል አንስታ ምድጃው ጥግ አኖረቻት። «ውሃ መያዝ ያቃተኝ ደግሞ ምን ልይዝ ነው?» አለች ገሏ።

በማግስቱ የተዳፈነው እሳት ሞቶ አደረ። እናት ልጇን ጠርታ «ሂድ፣ ከታች ካሉት እማማ ቤት እሳት ጭረህ ና» አለችው። እማማ እጁን እንዳያቃጥለው መጀመሪያ ገሏ ላይ አመድ ጎዘጎዙ። ፍሙን ግን ቶሎ አልሰጡትም። «ቤት እንዴት አደረ? የእናትህ ወገብ ተሻላት? ላሟስ ወለደች?» መልሱን ሁሉ ሰምተው፣ ጭብጥ ቆሎ አስይዘውት፣ ከዚያ በኋላ ምድጃውን ቆሰቆሱ። ገሏ ያን ጊዜ አንድ ነገር አየች፤ ለጎረቤት ፍም ሲፈለግ የሰጪዋም እሳት ነፍስ ይዘራል።

ከዚያ ወዲያ ገሏ ያልገባችበት ቤት አልነበረም። ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ጣሪያ ጭስ ሳያወጣ እንደረፈደ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቶሎ ብድግ የሚልን እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የሚሉ ሰዎች፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ እሳት ጭረው አያውቁም።

ኋላ ክብሪት መጣች። እህቶቿን አስከትላ፣ በካርቶን ቤቷ ተኝታ፣ ገሏን ቁልቁል አየቻት። «እኔ አንዴ ጫር ካደረጉኝ እሳት ነኝ። እንዳንቺ የሰው ደጅ አልጠናም።»

«እውነትሽን ነው» አለች ገሏ። እውነት ነበራ! በእኩለ ሌሊት ልጅ የታመመባት እናት የክብሪትን ውለታ ታውቃለች።

ገሏም የዶሮ ውሃ ማጠጫ ሆነች። በከተማዋ ማንም ከማንም አልተጣላም፤ የሰው ደጅ የሚያስረግጥ ሰበብ ብቻ ጠፋ።

ሐምሌ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ አላባራም። ክብሪቷ እርጥበት ገብቷት ብትጫር ራሷ ፍርክስክስ አለ። እህቶቿም እንዲሁ። ልጁ የዶሮዎቹን ውሃ ደፍቶ ገሏን አነሳ። ከቤት ቤት ዞረ፤ ሁሉም እንደ እሱ እርጥብ ክብሪት ይዞ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ ክብሪት ገዝተው የማያውቁት የእማማ ቤት ደረሰ። ጭስ የለም። በሩን ገፋ።

እማማ ማታ እሳታቸውን አዳፍነው ሲነሱ ወድቀው፣ እየተንፏቀቁ አልጋቸው ሥር ደርሰው እዚያው አድረዋል።

«ማነህ አንተ?»

«እሳት ልጭር ነው፣ እማማ።»

«ከአመዱ ሥር ፈልግ፤ የወይራ ጉማጅ ነው፣ አይጠፋም።»

ልጁ አመዱን ገለጥ ሲያደርገው ቀይ ዓይን ተገለጠ። ፍሙን ገሏ ላይ አኑሮ ሊወጣ ብሎ እማማን አየ። ገሏን አስቀመጠና እንጨት ጨማመረ፤ እፍ አለ። ደግፎም እሳቱ ዳር አስጠጋቸው።

ጭሱን ያየ ሁሉ ገል ፍለጋ ጓዳውን በረበረ። አንዱ እግራቸውን ያሻል፣ አንዷ ጀበና ትጥዳለች። ያቺ የመጀመሪያዋ ገል ፍሟን እንደያዘች ምድጃው ጥግ ተረስታለች። ረፋዱ ላይ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የእናት ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ልጅ! እሳት ጭረህ ና ብልህ እዚያው ቀረህ?»

መልስ ሲጠፋ ነጠላዋን ደርባ ራሷ ወረደች።