ያልተከፈለ ቤት

መሥሪያ ቤታችንን የሚያማ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ሪል ስቴት ነኝ ከሚለው ሁሉ እንደኛው ሠራተኛ ወዳድ የለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆመን እናጨበጭባለን፤ ሥራ አስኪያጁ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላሉ። ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የገንዘብ ነገር ማንሳት ነውር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይላል። ይበል፤ ከቤተሰቡ ፈቃድ የሚያወጣ ማን አለ? ቅዳሜ ሳይት እናስጎበኛለን፣ እሑድ መንገድ ላይ በራሪ ወረቀት እናድላለን። ባለሦስት መኝታ የምንሸጠው ልጆች አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ለሦስት እንተኛባታለን፤ ስለዚህ የምንሸጠውን በደንብ እናውቀዋለን።

ኮሚሽንም አለን። ገዢው ቅድመ ክፍያውን ሲጨርስ ይታሰባል፣ ሒሳብ ክፍል ይፈርምበታል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ምነው ስንል «ሥራው ቆሟል» ይሉናል። ገዢው ሲደውል እኛም «ሕንፃው ቆሟል» እንለዋለን። ከሁለታችንም የዋሸ የለም።

ለአረፋ ሐራ ስሄድ ጉዞዬ የመስክ ሥራ ተባለልኝ። ልጆቻቸው ጅዳና ሪያድ ያሉ ዘመዶቼን እንዳነጋግር ብሮሹር አሸከሙኝ። መጀመሪያ ያሳየሁት ለአጎቴ ነው። መዋኛውን አዩ፣ ሣሩን አዩ፣ ውሻ የሚያናፍሰው ፈረንጅ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኼ ሰውዬ ማነው? ተከራይ ነው?»

«ሥዕል ነው አጎቴ። ቤቱ ገና ነው።»

«ገና የሆነውን ነው እምትሸጡት?»

ዝም አልኩ። አዋጅ 47/1967 ወልድያ የነበራቸውን ትርፍ ቤት ወስዶባቸዋል፤ ስለ ቤት ሲያወሩ እሱን ሳያነሱ አይቀሩም። «ደርግ እንኳ» አሉ፣ «የቆመውን ነው የወረሰ።»

እርግጥ ሐራ ላይ ተስፋ ለመሸጥ መምጣት ድፍረት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን ሐዲድ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ጀመረው፤ ከመቀሌ የሚወርደውን ቻይኖች ያዙት። ሁለቱ እንዲገናኙ የተቀጠሩት እኛው ዘንድ፣ ሐራ ገበያ ነው። የቦታ ዋጋ ያኔ ነበር መታየት! ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ዘረፋውም ተከተለ። መንገደኛ ጭኖ የገባ ባቡር ግን እስካሁን አላየንም። አጎቴ ወደ ጣቢያው በከዘራቸው አመለከቱ።

«ያንተ አለቃ ይኼን ቢሰጡት፣ ቲኬቱን ሽጦ በጨረሰው ነበር።»

ቶናው ላይ ስንደርስ «ለመሆኑ አከፋፈሉ እንዴት ነው?» አሉኝ። ስለ ክፍሎቹ መስሎኝ «ውስጡ ገና አልተከፈለም» አልኳቸው። የጫማዬን ሶል ትክ ብለው አዩት። «አብሽር» አሉና ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አወረዱ፦

ሕንፃው ቆሞ ሳየው ደስ አለኝ ከሩቁ፣
ውስጡ ሳይከፈል ነው ሠሪዎች ያለቁ።

ለመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ጓደኞቼ አንድ ቃል ሳይጽፉ የልብ ምልክት ደረደሩ። ሥራ አስኪያጁ «የአባቶች ምርቃት!» ብለው አሞገሱት። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ ደግሞ «ከሩቁ» የሚለው ሕንፃው ከቀለበት መንገድ እንደሚታይ ይገልጻል፣ «ሳይከፈል» የሚለውም ገዢው እንደ ምርጫው ሊከፍለው ይችላል ማለት ነው ብላ፣ ግጥሙ በሚቀጥለው ብሮሹር ሽፋን ላይ እንዲወጣ አዘዘች።

ለገጣሚው የሚከፈል ነገር ካለ ብዬ ሒሳብ ክፍል ጠየቅሁ።

«አጎትህ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። «እሳቸውም ቤተሰብ ናቸው።»