«ብረት ነው፣ ይሠራል!»

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ይዞ መንገድ መውጣት አያስፈራንም። ሚኒባሱን ለምደነዋል፣ ባጃጁን ለምደነዋል፣ ያለ ፍሬቻ የሚታጠፈውንም ሁሉ ለምደነዋል። እኛን የቸገረን መኪናችን የምታድርበት ግቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጀሞ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቦሌ ተመላልሳ አንዲት ጭረት ሳይነካት የገባች መኪና፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኗ ተይዞ፣ በሯ ተቆልፎ ባደረችበት ተገጭታ ትገኛለች።

ስለዚህ እኛ የኮንዶሚኒየም ባለመኪኖች ጠዋት ጠዋት የማናስታጉለው ሥርዓት አለን። ቁልፋችንን ይዘን መኪናችንን አንዴ እንዞራለን። ጎንበስ፣ ቀና። ፓራውልት ደህና። ፍሬቻ ደህና። ስፖኪዮ... ስፖኪዮው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ማን አጠፈው? በምን አጠፈው? በመስኮት የሚያዩን ጎረቤቶች ጸሎት የምናደርስ ይመስላቸው ይሆናል። ብዙም አልተሳሳቱም።

ሕንፃዎቻችን ጂ ፕላስ ፎር ናቸው፤ ከመኪናችን በላይ አራት እርከን ጎረቤት አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ እርከን የሚጥለው ነገር አለው። ከአንደኛ ፎቅ በረኪና የተቀላቀለበት የወለል ውኃ ይደፋል። ከሁለተኛው ያልተጨመቀ ብርድ ልብስ ይወርዳል። ሦስተኛው አበባ ይወዳል፤ አበባው የተተከለበት ጣሳ ደግሞ በረንዳው ጠርዝ ላይ በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ የክረምቱ ንፋስ እስኪመጣ ድረስ ነው ትዕግሥቱ።

በመስከረም ፀሐይ በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ ከነሰፌዱ ኮፈናችን ላይ አርፎ ያውቃል። የበርበሬው ባለቤት እትዬ ሮጠው ወረዱ። ለካስ የሮጡት ለኮፈኑ አልነበረም። «ወይኔ በርበሬዬን!» አሉ። እኛም ምን እናድርግ፣ አብረን ለቀምን። ፍሬው መጥረጊያው ሥር፣ የኮፈኑ ስንጥቅ ውስጥ፣ ራዲያተሩ ላይ ሳይቀር ገብቶ ስለነበር ለብዙ ጊዜ ሞተር ባስነሣን ቁጥር አስነጠሰን። «ትንሽ ቢቀርም ተገኘልኝ፣ ተባረኩ ልጆቼ» ብለው ሰፌዳቸውን ይዘው ወጡ። ሰፌዱ ደህና ነበር። ኮፈኑን ያየው የለም።

ከጎን የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። አጠገባችን የምትቆመዋ መኪና በር ያለ ርኅራኄ ይከፈታል። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ አንዱ ጎል የእኛ በር ነው፤ ሌላው ጎል የጎረቤታችን በር ነው። አቧራ ከያዘች ደግሞ «እጠቡኝ» ብለው ይጽፉባታል። በጣት ቢሆን ባልከፋን፤ አንዳንዱ ታታሪ ተማሪ በድንጋይ ይጽፋል። ታጥባም «እጠቡኝ» እንዳለች ትኖራለች።

ኋላ ማርሽም አለ። ቤት የሚቀይር ጎረቤት አይሱዙ ያስገባል፣ ቤት የሚያድስ ጎረቤት ሲኖትራክ አሸዋ ያስገባል። ሾፌሩ ከኋላው ምንም አያይም። የሚያይለት ረዳቱ ነው። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና፣ አለህ፣ አለህ፣ አለህ...» ይላል። «ቁም!» የሚለው ከድምፁ በኋላ ነው። የፍሬቻችን ስባሪ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላ «ቁም» ማለት ለማን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባንም።

የበዓል ዋዜማ ለብቻው ይነገር። ፋሲካ ሲደርስ ግቢያችን በረት ይሆናል። በጉን ማሰሪያ ዛፍ የለም፤ ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ መኪና ቆሟል። ስለዚህ በጉ መኪናዋ ላይ ይታሰራል። አንዱ ጎረቤታችን ለበዓሉ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ በሯ መስታወት መስላ የቆመች መኪና አጠገብ ቀንዳም ሙክት አሰረ። ሙክቱ ቀና ሲል በሩ ላይ ሌላ ሙክት አየ። ወደኋላ አለ፤ ያኛውም ወደኋላ አለ። ወደፊት ሲመጣ ያኛውም አልሸሸም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩን ልጆች ናቸው፤ እየሳቁ። የበጉ ባለቤት ሲደርስ መጀመሪያ የዳሰሰው የበጉን ቀንድ ነበር። «እንኳንም አልተሰበረ» አለ።

ካሳ የምንጠይቅበት ተከሳሽ በማግስቱ ዱለት ሆኖ ቀረበልን። ያውም ጥሩ ዱለት። እንግዲህ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ስለ በሩ ማን አፉን ይከፍታል?

እስካሁን ያወራነው ስለ ጭረት ነው። ጭረቱንስ እንችለው ነበር። የማንችለው ከጭረቱ በኋላ የሚመጣውን ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ነው። ማንም አላየም። ጥበቃው አላየም። ይኸው ጥበቃ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባን፣ ከማን ጋር እንደገባን፣ በፌስታል ምን ይዘን እንደገባን ይነግራችኋል። መኪናችንን የገጨውን ግን አላየም፤ በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት ነበር። መኪናችን የምትገጨው ሁልጊዜ ጥበቃው ሽንት ቤት በገባባት ሰዓት ነው።

ከዝምታው ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል፤ ጠያቂዎቹ ግን እኛ አይደለንም። «እዚህ ጋ ማን አቁሙ አላችሁ?» «ትንሽ ጠጋ ብትሉ ምን ነበር?» «ይቺ ድሮም አልነበረባትም?» የጠየቀው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ጭረቱን ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል። «ይኸው፣ ይለቃል! ፖሊሽ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። አይለቅም። ደግሞ ይፈትገዋል። አሁንም አይለቅም። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ትከሻችንን ይመታና የመጨረሻውን ፍርድ ይሰጣል፤ «ተዉት በቃ፣ ብረት ነው፣ ይሠራል!»

አዎ፣ ብረት ነው። ይሠራልም። በነፃ ግን አይሠራም። ባትላሜራው ይፈልጋል፣ ስቱኮው ይፈልጋል፣ ቀለሙ ይፈልጋል፣ ሶማሌ ተራ ያለው የፍሬቻ ሻጭ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ታገደ። እንግዲህ ይቺ አሮጌ ቪትዝ፣ ሰው አገር ጡረታ መውጫዋ ደርሶ የመጣች፣ እዚህ ዋጋዋ ሚሊዮን ብር ተሻግሯል። ብረት ነው ሲሉን ምን ያህል ብረት እንደሆነ ቢያውቁት በርበሬያቸውን እዚያ በረንዳ ላይ አያሰጡም ነበር።

ደግ የሆነ ጎረቤት ከገጠመን ነገሩ ይብሳል። ደጉ ጎረቤት «እኔ አሠራላችኋለሁ» ይላል። የእህቱ ልጅ ጋራዥ አለው። መኪናችን ወደ እህቱ ልጅ ትሄዳለች። «ነገ ትወጣለች።» ነገ ይመጣል፤ ቀለም አልደረቀም። ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ መብራት ጠፋ። ሳምንት ይመጣል፤ ልጁ ለቅሶ ሄዷል። እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። የገጨን ሰውዬ በዚያችው በገጨን መኪናው ጠዋት ጠዋት እስከ ታክሲ ተራው ያደርሰናል። እኛም ወርደን እናመሰግነዋለን። በመጨረሻ መኪናችን ስትመለስ ነዳጇ ጎድሏል፤ «ለሙከራ ነድተናት ነው»። ቀለሙ በጥላ ሥር ምንም አይልም። ፀሐይ ላይ ስትወጣ በሯን ከሌላ መኪና የተዋሰች ትመስላለች።

ኢንሹራንስስ? ትሉ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለባለሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ነው፤ ስቲከሩም መስታወታችን ላይ ተለጥፏል። የገጨን መኪና ከሆነ የእሱ መድን ሊከፍል ይገባዋል። ግን ለዚህ ብዙውን ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ማንሣት አለበት። ትራፊክ መጥራት ማለት ደግሞ ጎረቤት ላይ ትራፊክ መጥራት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በግቢው ውስጥ ስማችን እሱ ነው፤ «ያ እንኳ፣ ጎረቤቱ ላይ ትራፊክ የጠራው!» የገጨን ብርድ ልብስ ወይም ሙክት ከሆነማ ስቲከር የለውም። ሙሉ መድን የገባን ደግሞ ወደ ራሳችን መድን እንሄዳለን። ማመልከቻ ጻፉ፣ ፎቶ አምጡ፣ ፕሮፎርማ አምጡ፣ ነገ ተመለሱ። ሲያልቅ የራሳችሁን ድርሻ ክፈሉ እንባላለን፤ አንዳንዴ ድርሻችን ከጭረቱ ይበልጣል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ካሳ ባለመጠየቃችን እናገኘው የነበረው ቅናሽ የለም።

ሕጉማ ከእኛ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ወጥቶ፣ የእኛን ግቢ አይቶ የተጻፈ ነው የሚመስለን። ቁጥር 2080ን አንብቡት፤ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው በሕንፃው የሚኖረው ሰው ነው ይላል። የአበባው ጣሳ ተገኘ። ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። ሙክቱ ተገኘ። ቁጥር 2124 አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ጥፋት አባቱን ኃላፊ ያደርጋል። «እጠቡኝ» ተገኘ። ክስ ለማቅረብ ደግሞ ሁለት ዓመት ይሰጣል።

ሁለት ዓመት! በሁለት ዓመት ውስጥ እኮ እትዬ ታመን ሾርባ ይዘው መጥተዋል፣ ለቅሶ ደርሰውናል፣ ልጃቸውን ድረናል፣ እድር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ተበዳድረናል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ተብሎ ባደግንበት አገር «የበርበሬ ሰፌድ ጥለውብኛል» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ማን ነው? ዳኛውም እኮ የሆነ ሰው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሲከር ፍርድ ቤት ሳይሆን ሽማግሌ ይቀመጣል። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አንድ ጡረተኛ፣ ከታች ሱቅ ያለው ሰው። ቡና ይፈላል። ጉዳዩ ይሰማል። ጭረቱ አይነሣም፤ የሚነሣው ያን ዕለት ጠዋት ድምፃችንን ከፍ ማድረጋችን ነው። ልጆች ሰምተዋል። እትዬ ደም ግፊት አለባቸው። ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን። ጉልበት ስመን እንነሣለን። በሩ እንደጎደጎደ ነው።

ለመክፈል የሚመጣም አልጠፋም፤ ውሸት አንናገርም። አንዳንዱ በራችንን አንኳኩቶ፣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደድ አድርጎ «ስንት ሆነ? ንገሩኝ» ይላል። እኛም ገና አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «ኧረ ተው! ጎረቤት አይደለን እንዴ?» እንላለን። ይሉኝታ ከአፋችን ቀድሞ ይወጣል። ሰውዬው እጁን ከኪሱ ያወጣል። አንዴ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ከዚያ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን።

እናም ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ ብዙ አንጠይቃችሁም። ውኃ ከመድፋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደታች እዩ። ጣሳውን ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። ሙክቱን መኪና ላይ አትሰሩት፤ ከመብራት ምሰሶው ጋር ይተዋወቅ። ረዳቱን «ቁም» የሚለውን ቃል ትንሽ ቀደም አድርጎ እንዲጠቀምበት ንገሩት። ስትገጩን አንኳኩና ንገሩን፤ ማንኳኳት ካሳፈራችሁ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ መጥረጊያው ሥር ሰክታችሁ ሂዱ። ስንት ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁን ደግሞ «ኧረ ተዉ» ብንላችሁ አትመኑን። እንደገና ጠይቁን። ሁለተኛ ጊዜ ከጠየቃችሁን ዋጋውን እንነግራችኋለን።