አባጨጓሬ ጠልቶ ቢራቢሮ?

ጀልዴሳ ላይ በአሮጌ ጄሪካን አበባ ስተክል ያየ ሁሉ አንድ አንድ ቃል ይወረውርብኛል። ተራ በተራ ልመልስ።

«አቦ፣ በዚህ ሐሩር አበባ? ይህ የግመል አገር ነው!»

ግመሉማ ነበር። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ እዚሁ ነበር የሚያርፈው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ እንግዳው ቀረብን። ቢራቢሮ ግን ሐዲድ አትከተልም፤ አበባና ቅጠል ካገኘች የትም ታርፋለች።

«ጄሪካን ለውኃ ነው እንጂ ለአበባ ነው?»

የተሰነጠቀው ውኃ አይዝም፤ አፈር ግን ይይዛል። አናቱን ቁረጥ፣ ታቹን ብሳ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለህ ሙላ፣ ዚኒያና በሶብላ ዝራበት። በሶብላውን ሁሉ ለበርበሬ አትልቀመው፤ ጥቂቱ ያብብ። ማታ ማታ አጠጣ። ቀትሩ ሲበረታ ወደ ጥላ ጎትተው፤ መሬት ላይ የበቀለው ይህ ዕድል የለውም።

«የወፍ ቆሎ ለምን አትተክልም? ቢራቢሮ ትሞትለታለች!»

ወፍም ትሞትለታለች። ፍሬውን በልታ ዘሩን በየግጦሹ ትበትናለች፤ ቅጠሉን የበላ ከብት ይታመማል። ለቢራቢሮ ብዬ የአርብቶ አደሩን ሣር አላስወርርም።

«ሎሚህን ትል ጨረሰው፤ ፍሊት ንፋበት!»

ትሉ እኮ ነገ ቢራቢሮ ነው! አበባ የእናትየዋ መጠጥ ነው፤ ልጇ የሚያድገው በቅጠል ነው። ቅጠሉን በእግሯ ቀምሳ ሎሚ መሆኑን ሳታውቅ እንቁላል አትጥልም። ትንሹ አባጨጓሬ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከነካኸው ከራሱ ኋላ የሚሸት ቀንድ ያወጣል። እሱን በፍሊት ፈጅቶ ቢራቢሮ መጠበቅ፣ ጥጃ አርዶ የከርሞ ላም እንደ መጠበቅ ነው።

«አጥርህ ሥር ያለው ያ ወተታም ቅንቦስ? መርዝ አይደል?»

ለዓይንህ መርዝ ነው፤ ወተቱን አትንካው። ለብርቱካናማዋ ቢራቢሮ ልጆች ግን ቀለብ ነው። መርዙን በሰውነታቸው ስለሚያኖሩት ወፍ ቀምሳ ትተፋቸዋለች። ማንም ሳያጠጣው የጸደቀውን ምን ቆርጦኝ እነቅለዋለሁ?

«አይበላ፣ አይሸጥ፤ ምን ይረባሃል?»

ቢራቢሮዋ ከአበባ አበባ የአበባ ዱቄት ታደርሳለች፤ ወፏ መርዝ ከሌለው አባጨጓሬ ለጫጩቶቿ ትለቅማለች። ከዚህ በላይ ምን ይርባ?

እንግዲህ የጀልዴሳም የድሬም ሰው፣ ለልጅህ አንድ አሮጌ ጄሪካንና አንድ እፍኝ ዘር ስጠው። ፍሊቱን ግን ከአበባው አርቀው።