የተጠባባቂው በረኛ ፊርማ

በእኛ ቤት ፊርማ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አባዬን የሚያሯሩጠውና እኔን የሚያሯሩጠኝ። አባዬን የሚያሯሩጠው የከፊላችን፣ የአሠሪ ዋሳችን፣ ፊርማ ነው። ጅዳ የኖረ ሰው ይህን አብራራልኝ አይልም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲታደስ ከፊል ይፈርማል፤ ሥራ ሲለወጥ ከፊል ይፈርማል፤ አገር ቤት ለቅሶ ደርሶ ለመመለስም በኹሩጅ ወ አውዳው፣ በመውጫና መመለሻ ፈቃዱ፣ ላይ ከፊል ካልፈረመ ለቅሶው ተዝካር ይሆናል። እኔን የሚያሯሩጠኝ ደግሞ የኢትሃድ ኳስ ተጫዋቾች ፊርማ ነው። ሁለታችንም መግሪብ ሰግደን እንወጣና ለዒሻ እንመለሳለን። ባዶ እጁን በመመለስ ግን አባዬ ይበልጠኝ ነበር።

የኖርነው ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ነው። መካ ካለው ሳፋ ጋር አይገናኝም፤ የእኛው ባቃላ የሚሉት ሱቅ፣ ጋራዥና የተጠበሰ ዶሮ መሸጫ ያለበት ሰፈር ነው። ወሎ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ሳፋ ሲባሉ ቤታችን ካዕባ አጠገብ ይመስላቸውና በደወሉ ቁጥር «ቅርብ ናችሁና ዱዓ አድርጉልን» ይሉናል። እማዬም አላረመቻቸውም። «አሚን» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

የፊርማው ሥራ ባለቤት እኔ አልነበርኩም፤ እህቴ እታለም ነበረች። እኔ ተላላኪ ነኝ። ያኔ ሴት ልጅ ስታዲየም አትገባም፤ ክለቡ በር ላይ ቆማ ተጫዋች መጠበቅም የማይታሰብ ነው። እታለም ግን በ1920 ዓ.ም. የተመሠረተው የዚያ አንጋፋ ክለብ ታሪክ በቃሏ ነው። ማን በግራ እንደሚጫወት፣ ማን ቢጫ ካርድ እንዳለበት፣ የማን ጉልበት እንዳበጠ ታውቃለች። እኔ እግር አለኝ፣ እሷ ጭንቅላት አላት። ደብተሩም የእሷ ነው፤ ጥቁር ሽፋኑ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፋ የክለቡን መለያ አልብሳዋለች።

መመሪያዋ ከአሠልጣኝ መመሪያ አይተናነስም። «በሩ ላይ እንዳትቆም፤ ዘበኛው ያባርርሃል። ወጣ ብላ ያለችው የመንገድ ጉብታ ጋ ጠብቅ፤ የጌታ መኪናም ብትሆን እዚያ ትቀዘቅዛለች። ሁሉንም ካብቲን በል። ተጠባባቂውንም! እሱንማ በተለይ።» እውነቷን ነበር። ዋናው ተጫዋች ካብቲን ሲሉት መስኮቱን ይዘጋል፤ ተጠባባቂው ግን መኪናውን ያቆማል። አንዱ እንዲያውም ስሜንና የትምህርት ቤት ውጤቴን ሳይቀር ጠይቆ፣ መክሮኝ፣ ፈርሞልኝ፣ ስክሪብቶዬን ይዞ ሄዷል።

ችግሩ ፊርማው የማን እንደሆነ ማወቁ ነው። ከሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ፣ በጉልበት ላይ የተፈረመ ዐረብኛ የጻፈው ራሱም አያነበውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥር እታለም በአማርኛ ትጽፍበታለች፤ «የቀኝ ተከላካይ፤ ነጭ ላንድክሩዘር፤ ጥርሱን ያመዋል»።

አባዬ አንዳንዴ ደብተሩን ይገልጥና በከፊሉ የተቃጠለ ሰው እንደሚያየው ያየዋል። «ይኼኛው ሰውዬ ምን ያስፈጽማል?»

«ኳስ ይጫወታል።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ጀዋዛት፣ ፓስፖርት ቢሮ፣ ሰው አለው ወይ ነው የምልህ።»

ኅዳር 1997 ዓ.ም. መጣ። ኢትሃድ ለእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ደርሶ የመጀመሪያውን ጨዋታ እዚሁ ጅዳ ላይ ከኮሪያው ሲኦንግናም ጋር ገጠመና 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከተማው ለቅሶ ቤት ሆነ። የከተማው ባላንጣችን የአህሊ ደጋፊዎች ሲቀሩ፤ እነሱ ሠርግ ላይ ነበሩ። የሰፈር ልጆች ፊርማቸውን በብስኩት መለወጥ ጀመሩ። እታለም ግን ዓይኗ በራ። «ተነሥ! ዛሬ በሩ ላይ ማንም የለም። የተሸነፈ ሰው የሚያናግረው ይፈልጋል።»

ሄድኩ። እውነትም ጉብታዋ ጋ ከእኔና ከአንዲት ድመት በቀር ማንም የለም። ወደ ኮሪያ ከመብረራቸው በፊት በነበሩት ምሽቶች በሙሉ ዓመት ያላገኘሁትን ፊርማ ሰበሰብኩ። መስኮት የሚዘጉት ሁሉ መስኮት ከፈቱ። ተጠባባቂው በረኛማ ሁለት ገጽ ሊፈርምልኝ ነበር፤ ወረቀት እንዳያልቅብን ብዬ በአንድ አስቆምኩት።

የመልሱ ጨዋታ ኮሪያ ላይ ሆነ። 5 ለ 0! ሙሐመድ ኑር ሁለቱን ራሱ አገባ፤ ዋንጫውም በድምሩ 6 ለ 3 ጅዳ ገባ። ያን ቀን የመኪና ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁር ነበር። ብስኩታቸውን የበሉት ልጆች ፊርማችንን ሊገዙ ተሰለፉ። እታለም በበራችን ቀዳዳ አየቻቸውና «ሱቁ ተዘግቷል» አለች።

የቀረን ኑር ራሱ ነበር። መካ የተወለደው አማካይ ገጹ በክብር ባዶ ተይዞለታል፤ ከላዩ ስሙ ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን ነጭ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኢትሃድ ዋንጫውን ደገመ፤ አል ዐይንን ጅዳ ላይ 4 ለ 2 ረታ። አልሙንተሸሪ የእስያ ኮከብ ተባለ። ጃፓን በተደረገው የክለቦች ዓለም ዋንጫም ኑር በአንዲት ጎል የካይሮውን አል አህሊን ጣለው። የግብፁ ቡድን ለእታለም ምንም አላደረጋት፤ ስሙ ግን በቂ ወንጀል ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሳኦ ፓውሎ 3 ለ 2 ሲያሸንፈን እማዬ «ብራዚልን በሁለት ጎል ማስጨነቅ ቀላል ነው?» ብላ አጽናናችን። የኑር ገጽ ግን ባዶ እንደሆነ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ለዑምራ መካ ሄድን። በሳፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ አንዱ ጉዞ 450 ሜትር ያህል ነው፤ በድምሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። «ይኼ ለደራርቱ ማሟሟቂያ ነው» አለች እታለም በሹክሹክታ። በአረንጓዴ መብራቶቹ መካከል ወንዶች ሶምሶማ ይሮጣሉ። አንዱን አየሁት፤ ትከሻውን ሰበቅ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በመስመር ሲበር የማውቀው ሰው ነው! ነጭ ኢሕራም መልበሱ አላታለለኝም። ከመስመሩ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ደረስኩበት። ተያየን። እሱ በሁለት ያልተሰፉ ነጠላዎች ተጠቅልሏል፤ እኔም እንደዚያው። እሱ ኪስ የለውም፤ እኔም የለኝም። ስክሪብቶ የለም፣ ደብተር የለም፣ ካብቲን የሚባልበትም ቦታ አይደለም። ፈገግ ብሎ ዱዓውን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ፤ ጎን ለጎን፣ ከአንድ የኢትሃድ ተጫዋች ጋር እኩል እየሮጥኩ! ጉልበቴ እንጂ ዱዓዬ ምን እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም።

እታለም ይህን ስነግራት ያናደዳት ፊርማው መቅረቱ አልነበረም። «ለልጇ ውሃ ፍለጋ እዚህ የሮጠችው ሃጀር ናት፤ ሴት ናት። ዛሬ የሚሮጡት ወንዶች!» እማዬ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

ዋናው ጉዳይ የመጣው አያቴ ደሴ ስትታመም ነው። አባዬ የኹሩጅ ወ አውዳውን ፎርም ይዞ ከፊል ዘንድ ተመላለሰ፤ መልሱ ሁሌም «ቡክራ» ነው፤ ነገ። በመጨረሻ ልጅ ሲያይ ይራራ ይሆናል ብሎ እኔን አስከተለ። እኔም ከዚያ ወደ ክለቡ ለመዞር አስቤ ደብተሩን በብብቴ ይዣለሁ።

ከፊላችን መጅሊሱ ውስጥ ተጋድሟል። ፎርሙን አላየም፤ ደብተሩን አየ። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ አምጣው እስኪ።» ገለጠ። የእነ እገሌን ዋና ዋና ፊርማ በግዴለሽነት አለፈና ተጠባባቂው በረኛ ጋ ሲደርስ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ይህን ከየት አገኘኸው?»

«ከተሸነፉ ማግስት፣ መንገድ ላይ።»

«የታዋቂዎቹን ፊርማማ ማን የሌለው አለ! የዚህን ግን ማን አስቦ ይይዛል?» አለና አባዬን ቀና ብሎ አየው። አባዬ ፎርሙን አየው። ፎርሙ እኔን ያየኝ መሰለኝ። ማንም ምንም አላለም፤ ገጹ ግን ተቀደደ፤ ፎርሙም በዚያው ሰዓት ተፈረመ። አባዬ ወራት የለመነውን አንድ ሜዳ ያልገባ በረኛ አስፈጸመው።

አባዬ መኪና ውስጥ ገብተን እስክንርቅ ዝም አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌሎቹ ገጾች ላይ እነማን አሉ?»

ቤት ስንደርስ እታለም የተቀደደውን ስታይ ለአያታችን ጤና የምታደርገውን ዱዓ አቋርጣ ጮኸች። ካሳ ጠየቀች፤ ካሳውም ቀላል አልነበረም። «በገጹ ፈንታ ከፊሉ ይፈርምልኝ!» አባዬ ይህን እንኳ አይሞክረውም። የፎርሙን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ አመጣላትና ለጠፈችው፤ ከሥሩም ጻፈች፤ «አጥቂ፤ ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ፤ ቡክራ ይላል»። ከደብተሩ ሁሉ ብርቅዬው ፊርማ እሱ ሆነ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ተለውጧል። ልጆቹ ከተጫዋች ጋር ፎቶ እንጂ ፊርማ አይሹም፤ ኹሩጅ ወ አውዳውም በስልክ የሚያልቅ ነገር ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ብዙ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወጥቶ መመለስ ይችላል ተባለ፤ የቤት ሾፌሮችን ግን አይጨምርም። አባዬ የቤት ሾፌር ነው። «ተጠባባቂ ላይ ነኝ» ይላል።

ለእታለም ደግሞ በሩ የተከፈተው ጥር 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የሳውዲ ሴቶች ስታዲየም ገብተው የሊግ ጨዋታ ያዩበት የመጀመሪያው ቀን፤ እዚያው ጅዳ። ዕድሜዋን የጠበቀችው ነገር ነውና በስልክ እንኳን ደስ አለሽ ልላት ደወልኩ። ተነፈሰች። ኢትሃድ በማግስቱ ሪያድ ነው የሚጫወተው፤ ጅዳ ላይ የተጋጠመው አህሊ ነበር።

«እና ሄድሽ?»

«ሄድኩ እንጂ! ቢጫ ሻርፕ ከዓባያዬ ሥር ሸሽጌ። 5 ለ 0 አሸነፉ። ስንት ዘመን በር ዘግተውብን ሲከፍቱት አህሊ ሲያገባ አሳዩን! ስወጣ አንዲት ልጅ ፊርማ ልታስፈርም ስትጠብቅ አየሁና አዘንኩላት።»

«ምን አልሻት?»

«ሲሸነፉ ነይ አልኳት።»