«ቤት ይቆዩ» ላሉን መልስ አለን

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ ስንደውል እንኳ ከሰውየው ድምፅ በፊት የምንሰማው የእጅ መታጠብ ምክር ነበር። ሲነገረን ከረመ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ ያለን ግን የለም። እነሆ የእብናት መልስ።

«ቤትዎ ይቆዩ!»
እንቆይ ነበር ጌታው፣ ጎተራው ቢያስቆየን። እብናት ብዙ ገበሬዋ በሴፍቲኔት የታቀፈባት ወረዳ ናት። ጎተራው ለጎደለበት ሰው ቤት መቀመጥ ጦም ማደር ነው።

«ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ!»
መጋቢት 30 የታወጀውን አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ እንዲህ አለ። ልጁን የቀበረን ሰው በአራት ሰው አጽናኑት ማለት ነው? እዚህ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም።

«መኪና በግማሽ ይጫን!»
ይጫን። ግን ታሪፉ እጥፍ ሲሆን፣ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈላት ነፍሰ ጡር ልዩነቱን ከየት ታምጣ? ከኮሮና የዳነች እናት በምጥ ብትሞት መዝገቡ ላይ «ተረፈች» ተብሎ አይጻፍላትም።

«ልጆቹ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይማሩ!»
መብራት በሌለበት ቀበሌ በየትኛው ቴሌቪዥን? ባትሪ ድንጋዩ ባለቀበት ቤት በየትኛው ሬዲዮ? መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ሲዘጋ በመላ አገሪቱ ወደ 26 ሚሊዮን ተማሪ ቤት ዋለ። እኛ ዘንድ ወንዱ ከብት ተከተለ፤ ሴቷ ማጀት ገባች። ቀጥሎ የመጣው ሚያዝያ ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች መዳርን ይከለክላል፤ ግን «እከሊት ከክፍል ቀረች፣ ሊድሯት ነው» ብሎ ለቀበሌ የሚነግረው መምህሯ ነበር። ክፍሉ ሲዘጋ ጠቋሚው ጠፋ። በጥቅምት 2013 ደወሉ ዳግም ሲደወል የተዳረችው ልጅ ደብተሯን ይዛ አልመጣችም።

«ታዲያ በሽታው ውሸት ነበር ልትሉን ነው?»
አላልንም! «ኮሮና ገበሬ አይዝም» ያሉትን ጎረቤቶቻችንንም ያኔውኑ ተቆጥተናል። በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰው በዚህ በሽታ መሞቱ ተመዝግቧል። እኛ የምንለው እያንዳንዱ ክልከላ ለየብቻው ይመዘን ነው። ሳሙና የማንን ትምህርት አቋረጠ? ጭንብል የማንን ልጅ ዳረ? ርካሹን መከላከያ ጠበቅ አድርጉት፤ ውዱን ከማዘዛችሁ በፊት ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

«በዚያ ጥድፊያ ማን ይመዝናል?»
መዝናችሁ ነበር እኮ! የዕለት ጉርሱን ሠርቶ የሚያድር ሰው ስላለ አገሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም ብላችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር ደንብ አውጥታችሁ ከልክላችኋል፤ ይህም ደግ ነው። ለተከራይና ለተቀጣሪ ያሰበ አዋጅ ለገበሬ ልጅ ማሰብ ያቃተው ለምንድን ነው?

«የበላይ አካል ያውቃል!»
ይህን ለእብናት ሰው አትንገሩ። በሚያዝያ 1977 በእብናት መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች «ክረምት ደርሷል፣ እርሻችሁ ግቡ» ተብለው በግድ ተባረሩ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። አቅም ያጣ ሰው ስንት ቀን በእግሩ እንደሚሄድ ያሰላ አልነበረም። በኋላ «ስህተት ነበር» ተባለ። ስህተት ነበር ማለት መንገድ ላይ የቀረውን አያስነሳም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ የምታዝዙ ሁሉ ስሙን። ትምህርት ቤትን ከሁሉ በኋላ ዝጉ፣ ከሁሉ በፊት ክፈቱ። ዘግታችሁ ከሆነም መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ይዙር። ሥራ ስትከለክሉ ቀለቡን አብራችሁ አውጁ። ይህን ሳታደርጉ «ቤት ይቆዩ» ብትሉን ቤት አንቆይም።